በጨዋታ የወደቀችው ልጄ

«እማዬ፣ ጨዋታ ለምን ይከብዳል?»

ይህን የጠየቀችኝ ልጄ ሕሊና ናት። አምስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። እኔ ሰፌድ ይዤ ምስር እየለቀምሁ ነበር፤ እጄ እዚያው ቀረ።

ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ልጅ የሚጠይቀው ጥያቄ ለሊቃውንት ጉባኤም ይከብዳል። ሕሊና ከዚህ በፊት «ዓሣ ውኃ ይጠማዋል?» ብላኛለች። «ጣናን ሲመሽ ማን ይከድነዋል?» ብላኛለች። «ቄሱ ሲያስነጥሳቸው ማን ይማርዎ ይላቸዋል?» ብላኝ ቅዳሴ መሀል ሳቄን አፍኜ አንገቴን ደፍቻለሁ። ለእነዚህ ሁሉ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብዬ አልፌያለሁ፤ እውነትም ያውቃል። ጨዋታ ለምን ይከብዳል ስትለኝ ግን፣ ይቅር ይበለኝና፣ እሱ ያልፈጠረውን ነገር የጠየቀችኝ መሰለኝ። እሱ ሕፃን ሲፈጥር ጨዋታን አብሮ ነው የሚፈጥረው። አክብዶ የሰጠን ሌላ ሰው መሆን አለበት።

ማን እንደሆነ ደርሼበታለሁ። ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

መቼም «አንቺ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምሽ ሴት፣ ስለ ትምህርት ሥርዓት ለማውራት ምን አገባሽ?» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው። ሚኒስትሪ ተፈትኜ አልፌ ነበር፤ ከዚያ አባቴ ታመሙ፣ እኔም ቀረሁ። ነገር ግን የልጅቱን ፀጉር ጠዋት ጠዋት የምጎነጉነው እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት ልትሄድ ስትል ፊቷ ምን እንደሚመስል ከትምህርት ሚኒስትሩም ቀድሜ የማየው እኔ ነኝ። ይህን የሚሽር ዲግሪ ካለ ይምጣና ፀጉሯን ይጎንጉን።

የምትማርበት ቦታ ከሐይቁ ብዙ የማይርቅ የግል አጸደ ሕፃናት ነው። ስሙን አልጠራም። ብጠራው ደግሞ ግማሽ ገጽ ይጨርስብኛል፤ በዓለም ላይ ያማረ የእንግሊዝኛ ቃል የተባለ ሁሉ በሩ ላይ ተሰድሯል። ባለቤቴ ጌታሁን ነው የመረጠው። የደሴ ልጅ ነው፤ እዚህ ባሕር ዳር ፋብሪካ ውስጥ በጥገና ሠራተኛነት ከገባ ቆይቷል። «እኔ ያላገኘሁትን ልጄ ታግኝ» ይላል። የዚህ አገር አባት ሁሉ ይህን ይላል፤ ያላገኘው ምን እንደሆነ ግን ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?

«ለምን ከመንግሥት ትምህርት ቤት አታስገቧትም?» እንዳትሉኝ፣ ሄጄ አይቼዋለሁ። ቅርባችን ነው። «ኦ ክፍል» የሚሉት አለ፤ ትልቁ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ለትንንሾቹ የተለቀቀች አንዲት ክፍል ናት። አስተማሪዋ አንድ ናት፣ ልጁ እንደ ጥምቀት ሕዝብ ነው። አግዳሚው ወንበር ለትልልቅ ተማሪዎች የተሠራ ስለሆነ የሕፃናቱ እግር መሬት አይነካም፤ ተንጠልጥሎ ይውላል። መመሪያው ላይ ሕፃን በአፍ መፍቻው እየተጫወተ ይማር ተብሎ ተጽፏል አሉኝ። ወረቀቱማ ደህና ነው። ወረቀት ላይ የማንም እግር አይንጠለጠልም።

እናም የግሉ ገባች።

ዓመቱ ሲጀመር ወላጅ ተሰበሰበ። ዳይሬክተሯ ለሥልጠና ሄደው መመለሳቸው ነበር። ፊታቸው በርቷል። ግድግዳው ላይ ሥዕል የሚያንጸባርቀውን መሣሪያ አስተክለው ዓለምን አዞሩን። ፊንላንድ በሚባለው አገር ልጅ ሰባት ዓመት እስኪሆነው አንደኛ ክፍል አይገባም፤ እስከዚያ ዋናው ሥራው ጨዋታ ነው አሉ። ጃፓን ልጆቹ ክፍላቸውን ራሳቸው ያጸዳሉ፣ ምሳቸውን ለጓደኞቻቸው ይቀዳሉ አሉ። ፈረንሳይ ልጅ ከሦስት ዓመቱ ጀምሮ ይማር ዘንድ መንግሥቱ በሕግ ደንግጓል አሉ። እንግሊዝ ደግሞ ገና በአራትና በአምስት ዓመታቸው ትምህርት ቤት ይገባሉ አሉ።

እውነት ልናገር፤ ደስ አለኝ። ግድግዳው ላይ ጭቃ በጭቃ ሆነው የሚስቁ ነጫጭ ሕፃናት ሳይ «የአንቺን ልጆች ለዚህ አብቂያቸው» ብዬ እመቤቴን ለመንሁ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ አባት ብቻ «ለመጫወትማ ሰፈራችን ምን አነሰው? ክፍያውስ ለምንድን ነው?» አለና ቤቱ ሳቀ። ዳይሬክተሯ አልሳቁም። «እኛ» አሉ ጣታቸውን አንሥተው፣ «ከሁሉም ምርጥ ምርጡን ወስደናል።»

መውሰዱንስ ወሰዱ።

ከጃፓን ጽዳቱን ወሰዱ። ሕፃናቱ ግን ነጭ ካልሲ ስለሚያደርጉና እንዳይቆሽሹ ስለሚፈለግ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወላጅ እየመጣ ይጥረግ ተባለ። እኔ አንድ ቅዳሜ ስጠርግ አጠገቤ አንዲት የባንክ ሠራተኛ በረጅም ታኮ መጥረጊያ ይዛ ቆማለች። «ጃፓኖች እንዲህ ነው የሚያደርጉት?» ብትለኝ «እንጃ፣ እኔ ከማክሰኝት ወዲያ አላውቅም» አልኋት። ከፈረንሳይ ሦስት ዓመቱን ወሰዱ፤ ቀድሞ መጀመር ጥሩ ከሆነ አብልጦ መቅደም ይሻላል ብለው ጡት ያልጣሉ ሕፃናት መቀበል ጀመሩ። ከእንግሊዝ ቋንቋውን ወሰዱ፤ አማርኛ ግቢ ውስጥ ክልክል ሆነ። ከፊንላንድ ደግሞ ጨዋታን ወሰዱ።

የዚህችን የፊንላንዷን ጉድ ልብ ብላችሁ ስሙኝ።

ጨዋታ ትምህርት ሆነ። ክፍለ ጊዜ ተመደበለት። መጽሐፍ ተዘጋጀለት፤ ግዙ ተባልን፣ ገዛን። ሕፃናቱ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ፤ አስተማሪያቸው ቲቸር ብርቱካን ሰሌዳው ላይ «ድብብቆሽ ማለት» ብላ በእንግሊዝኛ ትጽፋለች፤ እነሱ ይገለብጣሉ። የድብብቆሽ ጥቅም፣ የድብብቆሽ ሕግ፣ ድብብቆሽ የሚካሄድበት ቦታ። ከዚያ የቤት ሥራ። ግቢው ውስጥ ያለው ዥዋዥዌ ልጅ ይጥላል ተብሎ በሰንሰለት ታስሯል፤ እንግዳ ሲመጣ ይፈታል። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» የሚለውን ተረት ልጅ ሆኜ ስሰማ ዶሮዋ ታሳዝነኝ ነበር። አሁን የሚያሳዝኑኝ ጫጩቶቹ ናቸው።

ቲቸር ብርቱካንን አልወቅሳትም። ገና ልጅ ናት፤ ታዝዛ ነው። አንድ ቀን ልጄን ልወስድ ስሄድ ብቻዋን ክፍል ውስጥ በአንድ እግሯ ሰኞ ማክሰኞ ስትዘል አግኝቻታለሁ። አይታኝ ደንግጣ ቆመች። «እንዳይረሳኝ ብዬ ነው» አለችኝ።

ሰኔ ላይ የዓመቱ ፈተና መጣ። ሒሳቡ አለፈ፣ እንግሊዝኛው አለፈ፣ የጨዋታ ፈተና ደረሰ። ወረቀቱ ላይ በአንድ በኩል የጨዋታ ሥዕል፣ በሌላ በኩል ስሙ አለ፤ በመስመር አገናኙ ይላል። የዚያን ዕለት ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ ከክፍሉ ደጃፍ ውኃ አቁሯል። ልጄ መጀመሪያ ወረቀቱን አየችው። ቀጥላ ውኃውን አየችው። ከዚያ ወረቀቱን አጥፋ አጥፋ ታንኳ ሠራችና ወጥታ ውኃው ላይ ለቀቀችው። አጠገቧ የነበሩ ሁለት ልጆችም ፈተናቸውን ይዘው ተከተሏት። ሦስት ታንኳ። አንዱ መርከብ ነኝ እያለ፣ አንዱ ዓሣ እያጠመደ፣ የኔዋ ደግሞ ካህናቱን ወደ ገዳም ታሻግራለች፤ ቲቸር ብርቱካን ስትደርስ «ቆይ፣ አባ አልወረዱም!» ብላታለች።

ውጤቱን ታውቁታላችሁ። ባዶ።

ተጠራሁ። ዳይሬክተሯ በአክብሮት አስቀመጡኝ፤ ክፉ ሴት አይደሉም፣ ይህን ደግሞ መመስከር አለብኝ።

«የሕሊና እናት፣ ልጅዎ ጎበዝ ናት። ሁሉም ላይ ደህና ናት። ችግሯ ጨዋታ ላይ ነው» አሉኝ።

«ጨዋታ ላይ ምን ሆነች?»

«አትከታተልም። በጨዋታ ክፍለ ጊዜ ትጫወታለች።»

የሰማሁትን መልሼ በሆዴ አልሁት። አልተቀየረም።

«ክፍለ ጊዜው ታዲያ የጨዋታ አይደለም እንዴ?»

«ነዋ! ስለዚህ ትምህርቱን መከታተል አለባት። ሐሙስ ድጋሚ ፈተና አለ። ያን ካላለፈች ግን ከጓደኞቿ ጋር ጋዋን ለብሳ መመረቅ አትችልም፤ ክፍሉን ትደግማለች። እኔ የምመክርዎ አስጠኚ እንዲቀጥሩላት ነው።»

«ለጨዋታ? አስጠኚ?»

«ብዙ ወላጆች ቀጥረዋል» አሉኝ፣ እንደ ማጽናናት።

ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የኔ ዝምታ ግን እዚያው ወንበር ላይ እያለሁ ሲነቅዝ ይሰማኝ ነበር። ጌታችን ሕፃናቱን ወደ ራሱ ያስጠጋ ዕለት በር ላይ የፈተናቸው አለ ወይ ልላቸው ከአፌ ደርሶ ነበር። ግን የሰኔ ጾም ነው፤ ዋጥሁት። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብዬ ወጣሁ። እስቲ አሁን ለምኑ ነው እግዚአብሔር ይስጥልኝ ያልሁት?

ወደ ቤቴ ስመለስ ጎረቤቴ እትዬ የሺ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ከልጃቸው ጋር በስልክ ያወራሉ። ልጃቸው ሰናይት ያቺው የፈረደባት ፊንላንድ ነው ያለችው፤ የሕፃናት መዋያ ውስጥ በረዳትነት ትሠራለች። ይህን ከጥንትም አውቃለሁ፤ ለመጠየቅ ግን ትዝ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ባለሙያውን ጎረቤት አስቀምጦ ግድግዳ ላይ ሥዕል ማየት ይሉታል ይሄ ነው።

«እስቲ እትዬ፣ ካላስቸገርሁዎ ለእኔም ይስጡኝ» አልሁ።

«ውሰጂ ልጄ፤ እኔንስ ብርድ ብርድ እያለች ልታንቀጠቅጠኝ ነው።»

ሰላምታው ካለቀ በኋላ «ሰናይት፣ እዚያ የጨዋታ ፈተና በዓመት ስንቴ ነው?» አልኋት።

«የምን ፈተና?»

«የጨዋታ።»

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«ሄሎ?»

«አለሁ፣ አለሁ። ቆይ፣ ማን ነው የሚፈተነው?»

ነገርኋት። ስትስቅ ሰማኋት፤ ቀጥላ መሳቋን ስታቆም ሰማኋት። ከዚያ እሷ ነገረችኝ። ዝናብ ሲዘንብ ልጆቹን የዝናብ ልብስ አልብሰው ወደ ውጭ ነው የሚያወጧቸው፤ ጭቃው ውስጥ። ክፍያው እንደ ወላጁ ገቢ ስለሆነ የሐኪሙ ልጅና የአውቶብስ ነጂው ልጅ አንድ ጭቃ ያቦካሉ።

«አስተማሪዋስ ያን ጊዜ ምን ትሠራለች?» አልሁ።

«ታያቸዋለች።»

«ብቻ?»

«ብቻ አትበይ እንጂ! ማን ብቻውን እንደ ቆመ፣ ማን ማንን እንደ ገፋ፣ ትናንት አልናገርም ያለው ዛሬ ምን እንዳለ ታያለች። ለዚያ ነው ዩኒቨርሲቲ የተማረችው። ስሚኝማ፣ እዚህም ገነት አይምሰልሽ። ሠራተኛ አነሰን እያሉ ሁልጊዜ ጭቅጭቅ ነው፤ እኔን ወገቤን ይዞኛል። ግን ልጅ በጨዋታ ሲወድቅ አላየሁም። እኔ ነኝ ያለ ሞኝም እዚህ አገር ያን አላሰበውም።»

«እኛ አሰብነዋ» አልሁ።

ስልኩን መልሼ ወደ ቤቴ አመራሁ። የሚያናድደኝ ከሰው አገር መማሩ አይደለም። የሰው ወርቅ አያደምቅም ቢባልም፣ ደህና ነገርን ከየትም ይምጣ እቀበላለሁ፤ ሃይማኖታችንስ ቢሆን ባሕር ተሻግሮ አይደል የመጣው? የሚያናድደኝ ሁሉም አገር ልጁን አይቶ ሥርዓት ሲያወጣ፣ እኛ ሥርዓቱን አይተን ልጁን በልኩ መቁረጣችን ነው። ጃፓን ልጁ መጥረጊያ እንዲይዝ ያደረገው እጁን አምኖ ነው። ፊንላንድ ዝም ብሎ የሚያየው ልጁን አምኖ ነው። እኛ የማናምነው ማንን እንደሆነ እንጃ። ብቻ ያላመንነውን ነገር ሁሉ ፈተና እናደርገዋለን።

እኔን ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ነበር የሚያስተምሩን። አለንጋ ነበራቸው፤ አልክድም፣ ቀምሼዋለሁ፤ ለልጄም አልመኘውም። የኔታ ፊንላንድን በስምም አያውቋት። ግን ፀሐይዋ በረታ ስትል አለንጋቸውን ያስቀምጡና «በሉ ሂዱ ፈንጩ!» ይሉን ነበር። ፈንጩ ብቻ። እንዴት እንደሚፈነጭ አልነገሩንም። ተመልሰን ስንመጣም ምን እንደተጫወትን አልጠየቁንም።

ረቡዕ ወደ ማታ የሰፈር ልጆች ከደጃፋችን «ሕሊናዬ፣ ነይ እንጂ!» ብለው ተጣሩ። ወትሮ ጫማዋን ሳታደርግ ነበር የምትወጣው። በዚያን ዕለት ግን በመስኮት ብቅ ብላ ምን እንዳለቻቸው ታውቃላችሁ?

«አልችልም፤ ጨዋታ እያጠናሁ ነው።»

ጌታሁን ከሥራ መጥቶ የጨዋታ መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ነበር። የቅባት እጁን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጥቦ ነው መጽሐፉን የነካው። ለምረቃው ፎቶ ቦታ ግድግዳ ላይ ምስማር መትቷል፤ ደሴ ላሉት እናቱም «ጋዋን ለብሳ እልክልሻለሁ» ብሏቸዋል። አፍቃሪ አባት ነው። ለዚህ ነው ልቆጣው ያልቻልሁት።

«ድብብቆሽ ምንድን ነው?» ይላታል።

እሷ ቀጥ ብላ ቆማ፣ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ በእንግሊዝኛ ታወርደዋለች። አንድም ቃል አልሳተችም።

«ጎበዝ! ጥቅሙስ?»

ጥቅሙንም አለችው። አካልን ያጠነክራል፣ ጓደኝነትን ያዳብራል። አባቷ ጭንቅላቷን ስሞ «አየሽ?» አለኝ። «ይኸው አወቀችው!»

ያን ጊዜ ሕሊና እጁን ይዛ ሳብ አደረገችው። ዓይኗ ወደ ቁም ሳጥኑ ጀርባ ሄዷል።

«አባዬ፣ አሁን እንደበቅ? እኔ ልደበቅና አንተ አኩኩሉ በል።»

«አይ የኔ ልጅ፣ ነገ ፈተና አለብሽ። ጥናቱን እንጨርስ። ቀጣዩ... የብይ ጨዋታ።»

አልተነፋረቀችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። እሺ አለችና እጇን መልሳ ወደ ኋላ አደረገች። ከመተኛቷ በፊት አብረን አቡነ ዘበሰማያት ደገምን፤ ስንጨርስ «እማዬ፣ ይሄም ይመጣል?» አለችኝ።

«የት ይመጣል?»

«ፈተና ላይ።»

እኔ ሰው ሲገፋኝ ዞር ብዬ መንገድ የምሰጥ ሴት ነኝ። ጎረቤቶቼ የሚወዱኝም ለዚህ ነው። ቁጣም ቶሎ አይመጣልኝ፤ ሲመጣም የት እንደማስቀምጠው አላውቅም። አንዳንዱ ሰው ቢሮ ሄዶ ጠረጴዛ ይመታል፤ እኔ ጠረጴዛ የምመታበት እጅ የለኝም። ያለኝ የምሠራበት እጅ ነው።

በማግስቱ ሐሙስ ሁሉም ሳይነሣ ተነሣሁ፤ ጸሎቴን አደረስሁ። ትልቁን የልብስ ሳፋ ጓሮ አወጣሁና ውኃ ሞላሁት።

ጌታሁን ፊቱን ታጥቦ፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ «ልጅቷ ለምን አልለበሰችም? ዩኒፎርሟ የታለ?» እያለ መጣ።

«ይኸውልህ» አልሁት።

ሳፋውን አየ። «ዘፈዘፍሽው? ዛሬ? ሴትዮ፣ ዛሬ እኮ ሐሙስ ነው!»

«አዎ፣ ሐሙስ ነው።»

«ሁለተኛውስ? መቀየሪያው?»

«እሱም ከሥር አለ።»

ከውጭ በኩል፣ የከሰዓት ፈረቃ የሆኑት የሰፈር ልጆች ሲሯሯጡ ይሰማል። ሕሊና በሌሊት ልብሷ በራፉ ላይ ቆማ አንዴ እኔን፣ አንዴ አባቷን ታያለች። «ሂጂ» አላልኋትም፤ «ተጫወቺ» አላልኋትም። የግቢውን በር መቀርቀሪያ ብቻ ከፈትሁና ወደ ሳፋዬ ተመለስሁ።

ጌታሁን ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ደመናው ከሐይቁ ላይ እንደ ጉድ ተጭኗል። «ይሄ ደግሞ መቼም ዛሬ አይደርቅ» አለ።

«አይደርቅም» አልሁና ሳሙና ጨመርሁበት።